የኔን አይረን ለልጄ ልስጠው?

ጥያቄ፦ ዶክተር እንዴት ኖት፣ ከድሬዳዋ ሳቢያን ነኝ። የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ አይረን ሰጥተውኛል። የሁለት አመቱ ልጄ ደሞ ተቅማጥ ይዞት ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ታዘዘለት፣ በአራተኛው ቀን ሲቆምለት ተውኩት። አሁን ፊቱ ገርጥቶብኛል፣ ጎረቤቴ "ሁለቱም ያው ሚኒራል ነው፣ ካንቺ ኪኒን ግማሹን ስጪው" አለችኝ። ልስጠው?

መልስ፦ ኧረ እንዳታደርጊው እህቴ! ለነፍሰጡር የሚሰጠው ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ 60 ሚሊግራም አይረን አለው፣ ለህፃን አይረን ሲበዛ ሆዱን ያቆስላል፣ ጉበቱን ይጎዳል፣ ይገድላልም።

ሁለቱም ሚኒራል መሆናቸው ልክ ነው ግን ስራቸው ለየቅል ነው። አይረን ሂሞግሎቢን (ደሙን ቀይ የሚያደርገው ፕሮቲን) ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚያጓጉዘው ነው፣ በአዋቂ ሰውነት ከ3 እስከ 4 ግራም አለ፣ የተረፈው ጉበት ውስጥ ይቀመጣል። ዚንክ ግን ኦክስጅን አይሸከምም፣ ከ300 በላይ ኢንዛይሞች (የሰውነትን ስራ የሚያቀላጥፉ ፕሮቲኖች) ያለሱ አይሰሩም፣ የተጎዳ አንጀት የሚጠገነውም በሱ ነው፣ ችግሩ እንደ አይረን መጋዘን የለውም፣ ተቅማጥ ሲመጣ አብሮ ይወጣል። ለዛ ነው በቀን 20 ሚሊግራም ከ10 እስከ 14 ቀን የሚታዘዘው፣ ተቅማጡ ቢቆምም (በአራተኛው ቀን የምታቆም እናት አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ እኔ ቤትም ተደርጓል)። ቀሪውን ዚንክ አስጨርሺው፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ሶስት ወራት ተቅማጥ ቶሎ እንዳይመለስበት ይረዳዋል።

መገርጣቱን ግን በግምት አናክመውም። የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ድሬ ደሞ ወባ አለ፣ ስለዚህ ወስደሽ ሂሞግሎቢኑንና ወባውን አስመርምሪው። አይረን ካስፈለገው በኪሎው ተሰልቶ ሽሮፕ ይሰጠዋል፣ ያኔም ከዚንኩ ጋር ባንዴ አትስጪው፣ አንጀት ላይ ይሻማሉ፣ ሁለት ሰአት ያህል አራርቂያቸው።

ያንቺን ኪኒን ደሞ በቡና፣ በሻይ፣ በሀሻራም (የቡና ገለባ) ሆነ በቁጢ (የቡና ቅጠል) እንዳትውጪው፣ አይረኑን ይዘው ያስቀሩታል። ብርቱካን ወይ ሎሚ ይሻላል። ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ የአይረኑ ነው።

ኪኒኑን ልጁ የማይደርስበት ቦታ ቆልፊበት፣ ከረሜላ ነው የሚመስላቸው። ድንገት የዋጠ ከመሰለሽ ምልክት ሳትጠብቂ ፓኬቱን ይዘሽ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፣ አስታውኮ ለተወሰነ ሰአት ደህና የሆነ ቢመስልሽም እንኳ፣ ከዛ በኋላ ነው ሚብሰው።