200 ግራም ዘቢብ በኩባያ ስንት ይሆናል?

«የኬኩ አሠራር 200 ግራም ዘቢብ ይላል፤ እኔ ሚዛን የለኝም። በኩባያ ስንት ላድርግ? ቴምርስ በዚያው ሒሳብ ይሄዳል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ለዘቢቡ አንድ ኩባያ ከሲሶ አድርጊና ትንሽ ጨምሪበት። ለቴምሩ ግን ትንሽ ታገሽኝ።

ኩባያ ስል 240 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘውን የመለኪያ ኩባያ ማለቴ ነው። ይህን የምለው ስለተቃጠልኩ ነው። ጀማሪ እያለሁ «ሁለት ኩባያ ዘቢብ» የሚል አነበብኩና ሻይ የምጠጣበትን ትልቁን ኩባያ አንስቼ ሁለቴ ሞልቼ ገለበጥኩ። ኬኩ ከምድጃ ሲወጣ ላዩ አምሮበታል። ስቆርጠው ግን ዘቢቡ ሁሉ ታች ተከምሮ ቁጭ ብሏል፤ መካከሉ ደግሞ ሊጥ ነው። በማንኪያ ነው የበላነው። በኋላ ያንን ኩባያ ስለካው ለካ 350 ሚሊ ሊትር ይይዛል! 290 ግራም ዘቢብ በሚበቃበት ከ400 ግራም በላይ ጨምሬያለሁ።

ትክክለኛ ኩባያ ይዘሽም አሞላልሽ ለውጥ አለው። ዘቢቡን ዝም ብለሽ አፍስሰሽ አፉን በቢላ ጀርባ ከጠረግሽው 145 ግራም ገደማ ነው። በእጅሽ ጠቅጥቀሽ ከሞላሽው እስከ 165 ይደርሳል። አሠራሩ «ተጠቅጥቆ» ካላለ አትጠቅጥቂው፤ ኩባያውንም ጠረጴዛ ላይ አታንኳኪው፣ እሱም ያው መጠቅጠቅ ነው።

አሁን ወደ ቴምሩ። ተከትፎ ሲለካ ከዘቢብ ብዙም አይርቅም፤ ኩባያው 147 ግራም ገደማ ይሆናል። ችግሩ ሙሉውን ስትለኪ ነው፤ በየመካከሉ ክፍተት ስለሚኖር ኩባያው የሞላ ይመስላል እንጂ አልሞላም። ስለዚህ «አንድ ኩባያ የተከተፈ ቴምር» ካለ መጀመሪያ ክተፊ፣ ከዚያ ለኪ። «አንድ ኩባያ ቴምር፣ ተከትፎ» ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለኪ፣ ከዚያ ክተፊ። የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ልዩነቱ ኬኩ ላይ ይታያል። በግራም ከሆነ ደግሞ ዘሩን አውጥተሽ ነው የምትመዝኚው። ቢላው ላይ እየተጣበቀ ካስቸገረሽ ዘይት ቀባ አድርጊው።

ሌሎቹንም በዘቢብ ሒሳብ አትሥሪ። ለሁለት የተከፈለ ደረቅ አፕሪኮት በኩባያ 130 ግራም ገደማ ነው። ዘሩ የወጣ ደረቅ ፕለም ከበድ ይላል፣ 174 አካባቢ። ቀለበት ቀለበት ሆኖ የደረቀ አፕል ደግሞ አየር ነው፤ ኩባያው 90 ግራም እንኳ አይሞላም።

ዘቢቡን ቀድመሽ የምትዘፈዝፊ ከሆነ ልኩን ደረቁን ሳለ ውሰጂ። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ክብደቱም ይጨምራል።

ለነገሩ አንቺ ኩባያም ላያስፈልግሽ ይችላል። ፓኬቱ ላይ ክብደቱ ተጽፎ የለ? 250 ግራም ከሆነ ትሪ ላይ ዘርግፊውና በዓይንሽ አምስት እኩል ክምር አድርጊው። እያንዳንዱ 50 ግራም ነው፤ አራቱን ትወስጃለሽ። እኔ ሚዛኔ ባትሪ ሲጨርስ እስከዛሬ እንዲህ ነው የማደርገው፤ አምስት አሥር ግራም ቢዛነፍ ኬክ አያበላሽም። አምስተኛው ክምር ምድጃው እስኪሞቅ ድረስ መቆየቱን ግን እጠራጠራለሁ፤ እኔ ቤት ቆይቶ አያውቅም።