«የአባቱ ደም ነው» ለተባለው ልጅ እህት

እህቴ፣ ከቤሩት የላክሽውን ቮይስ ሁለቴ ሰማሁት። የ24 ዓመት ወንድምሽ ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት ሥራ አጥቶ ከምሳ በኋላ በርጫ ላይ ነው፣ ማታ ጨብሲ ብሎ አረቄ፣ ባለፈው የእማዬን የጋዝ ሲሊንደር ሸጠ፣ እሷም «የአባቱ ደም ነው» ትላለች፣ አጎትሽ ደሞ «15 ቀን ቆልፈንበት እናስተወዋለን» ብሏል፣ አንቺ ብር መላክ ላቁም ወይ ነው ጥያቄሽ።

መጀመሪያ የአጎትሽን፣ እሱ ስለሚያስፈራኝ። እንዳታደርጉት! ጫት ሲቋረጥ ድካም፣ ሀራራ፣ ሌሊት ዱካክ ነው፣ ያሰቃያል እንጂ ብዙም አያሰጋም። አረቄው ግን ሌላ ነው፣ በየቀኑ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ካቆመ በ2 በ3 ቀን ውስጥ የሌለ ነገር ሊያይ፣ እንደሚጥል በሽታ አንዘፍዝፎ ሊጥለው፣ ሊገድለውም ይችላል። ጠዋት ሳይቀምስ እጁ ይንቀጠቀጣል ብለሻል አይደል፣ በቃ ምልክቱ እሱ ነው፣ አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱት፣ በመድሃኒት ነው የሚያስቆሙት። ጸበሉ ከዛ በኋላ ይደርሳል።

ደሙን በተመለከተ እማዬ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተችም፣ የመጠጥ ሱስ ላይ ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፣ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ሌላውን ግን ራስሽ ነገርሽኝ፣ አባታችሁ ሰክሮ በር ሲደበድብ ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አቅፎ አልጋ ስር ይገባ ነበር። እንደዛ ያደገ ልጅ ትልቅ ሆኖም ጆሮው አያርፍም፣ በዛ ላይ ደሞ ሥራ የለም፣ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ወጥቶ ቁጭ የሚልበት ጫት ቤት ብቻ ነው፣ እዛ ሲመረቅን ለሦስት ሰዓት ፎቅ ይሠራል (ሁላችንም እንስቃለን፣ እሱ ግን በቀን ውስጥ ሰው የሚሆነው ያኔ ብቻ ነው)፣ ጫቱ እንቅልፍ ይነሳዋል፣ አረቄው ያስተኛዋል፣ ስለዚህ አንዱን ብቻ ተው ማለት አይሠራም።

ብሩን አታቁሚ፣ መንገዱን ቀይሪው። ለባለሱቁና ለቤት ኪራይ በቀጥታ ይድረስ፣ እማዬ እጅ ላይ ካሽ አይኑር፣ ጉሊት ውላ ያገኘችውን እንኳን የምትሰጠው እንዳይጮህባት ነው። እሱን መርቅኖ እያለ አትደውዪለት፣ ሁሉንም እሺ ይልሻል። ረፋድ ላይ ደውዪ፣ ሲሊንደሩንም አታንሺበት፣ ስለ እጁ ብቻ ጠይቂው።

ቮይሱ መሃል ላይ ደሞ ስለራስሽ የሆነ ነገር ጀምረሽ «ማዳም መጣች» ብለሽ ቆረጥሽው። እሱን ጨርሰሽ ላኪልኝ።