ለእግዚአብሔር ሥራ የመንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ልጄ ቄስ ነው። አሜሪካ ያለ አንድ ደብር ለበዓል ጠርቶት በጎብኚ ቪዛ ሄደ። አሁን ሰበካ ጉባኤው «ካህን የለንም፣ እዚሁ ቅር፣ በእጅ እንከፍልሃለን» ብሎታል። የተፈቀደለት ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። አንዳንዱ «ለእግዚአብሔር ሥራ የመንግሥት ፈቃድ ምን ያደርጋል?» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ጥገኝነት ጠይቅ፣ ታሪኩን እናዘጋጅልሃለን» ብሎታል። ሚስቱና ልጆቹ እዚህ ከእኔ ጋር ናቸው። ምን ልበለው?

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ፈቃድ ይጠይቅ ይበሉት። ያውም ቀኑ ሳያልፍ። የተዘጋጀ ታሪክ የሚሉትን ግን በፍጹም እንዳይነካው።

ብዙዎች «ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር ልንታዘዝ ይገባናል» የሚለውን ቃል ያነሣሉ (ሐዋ. 5፥29)። ሐዋርያት ይህን የተናገሩት በክርስቶስ ስም እንዳያስተምሩ ሲከለከሉ ነው። ልጅዎን ማንም አታስተምር፣ አትቀድስ አላለውም። የተጠየቀው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍለው፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ ነው። ይህን በእውነት መመለስ እምነት ማጉደል አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ለመሥራት ሲነሣ በመጀመሪያ ጸለየ፤ ከዚያ ከንጉሡ ዘንድ በወንዝ ማዶ ላሉት ገዦች የሚያሳየው ደብዳቤ ለመነ (ነህ. 2፥7)። ጸሎቱ ደብዳቤውን አላስቀረበትም።

ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን ካህን ከአንዱ ሀገረ ስብከት ወደ ሌላው ሲሄድ የሊቀ ጳጳሱን ደብዳቤ ትጠይቃለች። ያለ ደብዳቤ መጥቶ መቅደስ ልግባ የሚለውን አታስገባም። ታዲያ መንግሥት ሲጠይቅ ለምን ይከፋናል?

እኛ የሸዋ ሰዎች ደግሞ ይህን ልንረሳ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1839 ክራፕፍ የተባለው የጀርመን ሚሲዮናዊ አንኮበር ሲደርስ የተቀመጠው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈቃድ ነው። በ1842 ከወጣ በኋላ ሊመለስ ቢሞክር መግባት ተከለከለ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌም የውጭ ሚሲዮኖች የት መስበክ እንደሚችሉና የት እንደማይችሉ ለይቶ ነበር። ዛሬም አገራችን የሚቀጠር የውጭ ዜጋ የሥራ ፈቃድ አውጥቶ በየዓመቱ ማሳደስ አለበት። እንግዳ በራችን ሲመጣ ፈቃድ እየጠየቅን፣ እኛ በሰው በር ስንቆም አያስፈልግም ማለት ፍትሕ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅዎ ጉዳይ ልግባ። በጎብኚ ቪዛ ደመወዝ መቀበል አይፈቀድም። አሜሪካ ለሃይማኖት አገልጋዮች የተለየ ቪዛ አላት፤ አር-1 ይባላል። የሚያመለክተው ደብሩ ነው። ካህኑ ቢያንስ 2 ዓመት የዚያው ቤተ እምነት አባል የነበረ መሆን አለበት። መጀመሪያ እስከ 30 ወር ይሰጣል፤ በጠቅላላው እስከ 5 ዓመት ይደርሳል። ሚስትና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አብረውት መኖር ይችላሉ። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ካህን የአንዲት ሚስት ባል ነው። ያለ ወረቀት የቀረ ካህን ምራትዎን ሊያስመጣ አይችልም፤ እሱም መጥቶ ሊያያት አይደፍርም። ጊዜው ካለፈ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ቆይቶ ቢወጣ 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ ቢወጣ 10 ዓመት ተመልሶ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል። በዚህ መሐል ስንት ትዳር እንደፈረሰ የንስሐ አባቶች ያውቃሉ።

ጥገኝነት መጠየቅ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ጌታም በሕፃንነቱ ከሄሮድስ ወደ ግብፅ ተሰዷል። በእውነት የተሰደደ ይጠይቅ። ያልደረሰበትን ደረሰብኝ ብሎ በመሐላ የሚፈርም ካህን ግን በማግሥቱ መስቀል ይዞ ሕዝብን ስለ እውነት ምን ብሎ ያስተምራል? በሕጉም ቢሆን አውቆ የፈጠራ ማመልከቻ ያስገባ ሰው ለዘለዓለም በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ሰበካ ጉባኤውንም ዝም ብዬ አላልፍም። ወረቀት የሌለውን ካህን በእጅ እየከፈሉ ማኖር ቸርነት አይደለም። ቢበደል ለማን ይናገራል? ደመወዙ ቢቀር፣ ቢታመም የት ይሄዳል? ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል የሚለው ቃል የተጻፈው ለእነሱ ነው። ካህን ከፈለጉ ጠበቃ ይያዙለት፣ ማመልከቻውን ያስገቡለት።

ወረቀታቸው ያለፈባቸውን ወገኖቻችንን ግን እንዳንፈርድባቸው። ብዙዎቹ ተታለው ነው። ቅዱስ ቁርባን ይከለከሉ እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ። ይህን የሚያየው የንስሐ አባት ነው፤ ተስፋ ቆርጠው ከቤተ ክርስቲያን እንዳይርቁ ግን አደራ።

ልጅዎ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር፤ ደላላ አያምን። ፈቃዱ እስኪመጣ ደመወዝ አይቀበል። ካልተሳካለት ቀኑ ሳያልፍ ይመለስ፤ አገልግሎቱ እዚህም አለ። እርስዎና ምራትዎ ደግሞ ከሰሜን ሸዋ ሀገረ ስብከት የክህነቱንና የአገልግሎቱን ማስረጃ በዚህ ሳምንት መጠየቅ ጀምሩ። ያለ እሱ ማመልከቻው አይሞላም፤ ሁለት ወር ደግሞ ሳይታወቅ ያልቃል።