«ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» እንዳይሆን፦ ስለ ቤተሰብ የበዓል ዝግጅት ጥያቄና መልስ

ቤቴ የቤተሰባችን የበዓል መሰብሰቢያ ከሆነ 22 ዓመት አለፈው። ሲያንስ 14፣ ሲበዛ 41 ሰው አስተናግጃለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሳስብ ትዝ የሚለኝ ጨዋታው አይደለም፤ ሩጫው ነው። እንግዳ በር ሲያንኳኳ እኔ ገና በሥራ ልብሴ ነበርኩ። አሁን እንደዚያ አይደለም። የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበርና ከመጡልኝ ጥያቄዎች ውስጥ በብዛት የተደጋገሙትን እነሆ።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ «ጊዜ አለ» እያልኩ በዓሉ ድንገት ይደርስብኛል። መቼ ልጀምር?

መልስ፦ ከ6 ሳምንት በፊት። እንዳትደነግጪ፣ ያኔ ማጀት ግቢ ማለቴ አይደለም። ወስኚ ማለቴ ነው። የት እንሰበሰባለን? በስንት ሰዓት? ማን ይጠራል? ምን ያህል ገንዘብ ይወጣል? ማን ምን ይይዛል? እነዚህ አምስቱ ከተቆረጡ የቀረው የእጅ ሥራ ነው። የእጅ ሥራ ያደክማል እንጂ አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው ሳይወሰን ያደረ ነገር ነው። በዋዜማው ማታ እጅሽ ሳሙና እንደነካው ቆመሽ «ለመሆኑ እነ አጎቴ ይመጣሉ?» ስትዪ ነው ራስሽ የሚዞረው።

«ጊዜ አለ» ማለት ደግሞ ያንቺ ብቻ አመል አይደለም። ዳንኤል ካኔማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል። ሰው አንድ ሥራ የሚፈጅበትን ጊዜ ሲገምት፣ ከዚህ በፊት ስንቴ እንደዘገየ እያወቀም ቢሆን አሳንሶ ነው የሚገምተው። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት ላይ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠይቀው ነበር። በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። ስለዚህ በግምትሽ ላይ ግማሹን ጨምሪበት። ቤት ማጽዳቱ 2 ሰዓት ይወስዳል ካልሽ 3 ሰዓት ያዢለት።

ሌላው፣ ወደ ፊት አትቁጠሪ፣ ወደ ኋላ ቁጠሪ። ማዕዱ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚቀርብ ከሆነ ያንን ከወረቀቱ ግርጌ ጻፊው። ከዚያ ወደ ላይ እየወጣሽ 6 ሰዓት ምን፣ 5 ሰዓት ምን፣ ዋዜማው ምን እያልሽ ሙዪ። እንግዳ ከመድረሱ በፊት ያለውን አንድ ሰዓት ባዶ ተዪው። መታጠቢያሽና መልበሻሽ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም። «ምን ልርዳሽ?» ይለኛል። ግን ያንን ስሰማ ይባስ እናደዳለሁ። ችግሩ እኔ ጋ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። «ምን ልርዳሽ?» ሲልሽ ሥራው ያንቺ፣ እሱ ረዳት ሆነ ማለት ነው። ምን እንደጎደለ ማየቱ፣ ማስታወሱ፣ ማዘዙ፣ መደረጉን ማጣራቱ አሁንም አንቺው ትከሻ ላይ ነው። አሊሰን ዳሚንገር የተባለች የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2019 ይህንን የማይታይ የቤት ሥራ በአራት ከፍላ አሳይታለች፦ ቀድሞ ማሰብ፣ አማራጭ መፈለግ፣ መወሰን፣ መከታተል። ባነጋገረቻቸው ባልና ሚስቶች ዘንድ ውሳኔው ላይ ሁለቱም ይገኛሉ። ቀድሞ ማሰቡና መከታተሉ ግን በአብዛኛው የሚስት ዕጣ ነው። ከእሷ ቀደም ብላ ሚካኤላ ዲ ሊዮናርዶ የተባለች አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1987 ዘመድ መጥራት፣ በዓል ማሰናዳት፣ ሰው መጠየቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው ብላ «የዝምድና ሥራ» የሚል ስም ሰጥታዋለች። ሥራ ነው። አንቺም የሚደክምሽ ስለምትሠሪ ነው።

መፍትሔው ሥራ ማዘዝ ሳይሆን ዘርፉን ማስረከብ ነው። «መጠጥ ግዛ» አትበዪው። «የዘንድሮ መጠጥ ያንተ ነው» በዪው። ስንት ሰው እንደሚጠጣ መቁጠሩ፣ ዝርዝሩ፣ ግዢው፣ ማቀዝቀዙ፣ ብርጭቆው፣ ማታ ባዶ ጠርሙስ መሰብሰቡ፣ ሁሉም ከእነ ሐሳቡ የእሱ ይሁን።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ካስረከብሽ አትመለሺበት። እኔ በአንድ በዓል ወንበርን ለታናሽ ወንድሜ አስረከብኩ። እስከ ዋዜማው ድረስ «ቆጠርክ ወይ?» እንዳልለው ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። በበዓሉ ቀን 6 ወንበር ጎደለ። ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው በሉ፣ እንዲያውም ደስ አላቸው። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ 10 ቀን ሲቀረው ራሱ ደወለና «ዘንድሮ ስንት ሰው ነው?» አለኝ። በ22 ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስልክ ያሳረፈኝ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ወጪውን ከዘመድ ጋር ብንጋራ ነውር ይሆን?

መልስ፦ ነውር የሚሆነው ዘግይቶ ሲጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም እኩል፣ በግልጽ ቁጥር ንገሪያቸው። እጅ ያጠረው ዘመድ ካለ ለብቻው ደውለሽ «አንተ ጠረጴዛ በማስተካከል ታግዘኛለህ» በዪውና ዝጊው። ማን ስንት እንደሰጠ ደግሞ ሦስተኛ ሰው አይስማ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው እንደሚመጣ አላውቅም። «ትመጣላችሁ?» ስላቸው «እናያለን» ይሉኛል።

መልስ፦ «ትመጣላችሁ?» ብሎ መጠየቅ በጨዋ ወግ «እናያለን» የሚል መልስ ይጠራል። እምቢ ማለትም ቃል መግባትም ይከብዳቸዋል። «ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት? እስከ እሁድ ማታ አሳውቁኝ» በያቸው። ቁጥር ተጠይቆ «እናያለን» ማለት አይመችም። ዝም ያለውን እንደሚመጣ ቁጠሪው። ተረፈ ማለት ከአነሰ ማለት ይሻላል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የእኔም እናት የባለቤቴም እናት በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት እንድንገኝ ይፈልጋሉ። በየዓመቱ አንዷ ታኮርፋለች።

መልስ፦ ልጄ፣ ይሄ በበዓል ሰሞን አይፈታም። በዓሉ ሲቃረብ የሚነገር ሁሉ እንደ ፍርድ ነው የሚሰማው። በዓሉ አልፎ ሁለት ሦስት ወር ሲሆነው፣ ማንም ባልተቀየመበት ቀን ተነጋገሩበት።

በየዓመቱ መፈራረቅ ከሁሉም ይሻላል። ዘንድሮ እናንተ ጋ፣ ከርሞ እነሱ ጋ። ተራ ያልደረሳት እናት ደግሞ የራሷ ቀን ይኑራት፤ ዋዜማው ወይም ቀጣዩ ቅዳሜ። ያ ቀን እንደ ትራፊ እንዳይታይ ግን ተጠንቀቁ። እዚያም አዲስ ልብስ ይለበስ፣ ፎቶ ይነሳ፣ ልጆቹ ሙሉ ቀን ይዋሉ። በአንድ ቀን ሁለቱም ቤት እደርሳለሁ ካልክ ቀኑ በመንገድ ላይ ያልቅብሃል። አንዷ ጋ ስትቀመጥ ሰዓትህን ታያለህ፣ ሌላዋ ጋ ስትደርስ ጠግበህ ነው። ሁለቱም ያዝናሉ።

ውሳኔውን ለእናትህ አንተ ንገራት፣ ለእናቷ ባለቤትህ። ምራት ለአማቷ፣ አማች ለአማቱ እንዲህ ያለ ነገር አይንገር። ከልጅ አፍ የወጣ ይቀላል።

ጥያቄ፦ የእኛ በዓል በጨረቃ የሚወሰን ነው። ቀኑ ሳይታወቅ እንዴት ይታቀዳል?

መልስ፦ የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በዓሉ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ የማይታወቀው ሳምንቱ ሳይሆን ያቺ አንዷ ቀን ናት። ሁለቱንም ቀኖች ያዙ፤ ፈቃድም ስትጠይቁ ለሁለቱም ጠይቁ። የዝግጅቱን ወረቀት በቀን ስም ሳይሆን «በዓሉ 3 ቀን ሲቀረው፣ 2 ቀን ሲቀረው» እያላችሁ ጻፉት። ጨረቃዋ ስትታይ ወረቀቱ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ጥያቄ፦ ምግቡን ቀድሜ ብሠራው ደስ ይለኝ ነበር። እንዳይበላሽ ግን እፈራለሁ።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ልክ ነው፤ 30 ሰው አብልቶ 30 ሰው ማሳመም አለ። ግን ሕጉን ካወቅሽው ቀድሞ መሥራት ከሁሉም የሚያሳርፍ ነገር ነው። ጀርም በደንብ የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። የበሰለ ምግብ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ። ፍሪጅሽ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ትልቁን ድስት እንዳለ ከድኖ ፍሪጅ ውስጥ በማስገባት ነው። ላዩ ቀዝቅዞ መሐሉ እስከ እኩለ ሌሊት ይሞቃል። ጠለቅ ወዳላለ ሰፊ ዕቃ ከፋፍለሽ ገልብጪው። ስታሞቂው ደግሞ ለብ ብሎ አይውጣ፤ መሐሉ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለሽ፣ ሾርባማ የሆነው ሁሉ እስኪንፈቀፈቅ ድረስ ይፍላ።

በረዶ የሆነ ትልቅ ሥጋ ካለሽ እንዲቀልጥ በየ2 ኪሎው አንድ ሙሉ ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይፈልጋል። 6 ኪሎ ከሆነ 3 ቀን ነው። ይህንን ያልቆጠረ ሰው በበዓሉ ጠዋት ከበረዶ ጋር ሲታገል አይቻለሁ። የተረፈው ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፣ ከዚያ ወዲያ አትድፈሪ።

ጥያቄ፦ ሁለት ወንድሞቼ ይጣላሉ። አንዱን ልተው?

መልስ፦ አትተይ። ከበዓሉ በፊት ለየብቻ ደውለሽ «ለእናታችን ስትሉ ያንን ወሬ ዛሬ አታንሱት» በያቸው። ለየራሳቸው ሥራ ስጫቸው፤ አንዱ በር ላይ፣ ሌላው ጓሮ። ሥራ የያዘ ሰው ጠብ አይፈልግም።

ጥያቄ፦ ወጋችን በዛ። እያንዳንዱ አክስት «ይሄ ካልተደረገ በዓል አይደለም» የምትለው አላት። ሁሉንም ማድረስ አቃተኝ።

መልስ፦ እያንዳንዱን ሰው ልጆችንም ጨምረሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «አንድ ነገር ብቻ ቢቀር የሚያሳዝንሽ ምንድን ነው?» አንድ ብቻ። እኔ ስጠይቅ ለዓመታት ሁለት ሌሊት የሚፈጅብኝን አንድ ምግብ ማንም አልጠራውም። የ8 ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ያለችው «መብራት አጥፍተን አያቴ ተረት ሲነግሩን» ነበር። ያ ምንም ወጪ የለውም፤ እኔ ደግሞ ዕቃ ላጥብ እያልኩ ላቋርጠው የምሞክረው እሱን ነበር። ያልተጠራውን ቀስ አድርገሽ አስቀሪው። ለሁለት ዓመት ማንም ካልጠየቀ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ አያታችን ዘንድሮ አረፉ። በዓሉ በእሳቸው ዙሪያ ነበር። መሰብሰቡንም ፈራነው።

መልስ፦ እግዜር ያጽናችሁ። ሰብሰብ በሉ፣ ግን እንደ አምና ለማድረግ አትሞክሩ። እንደ አምና ሲሆን የእሳቸው ቦታ የበለጠ ባዶ ይሆናል።

አባቴ ባረፈ ዓመት የተሳሳትነውን ልንገራችሁ። ማዕዱን ሁልጊዜ የሚባርከው እሱ ነበር። ማን ይተካው የሚለውን ሳንነጋገር ተቀመጥን። ምግቡ ቀርቦ ሁላችንም ሳህናችንን እያየን ዝም አልን። እናቴ መጀመሪያ ተነሥታ ወጣች። ቀድመን አንድ ሰው መርጠን ቢሆን ኖሮ፣ ያ ዝምታ እሷ ላይ ባልወደቀ። ስለዚህ ከቀኑ በፊት ተነጋገሩ፦ የእሳቸውን ቦታ ማን ይይዛል? ስማቸውን መቼ እናነሳለን? ማልቀስ የፈለገ ሰው የሚገባበት ክፍል የቱ ነው? ሰው ምን እንደሚመጣ ሲያውቅ ሐዘኑን ይችለዋል።

ከእሳቸው ወግ አንዱን ብቻ እንዳለ ያዙ። ሌሎች አያቶችና አክስቶች ካሏችሁ ደግሞ ዘንድሮ ስልካችሁን አውጡና ሲያወሩ ቅዱ። «እንዴት ነው የምትሠሪው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «እፍኝ» ይሏችኋል። አብራችሁ ሥሩና ያንን እፍኝ መዝኑት።

ጥያቄ፦ ዋዜማው ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላብራቶሪ አሳድሮ ነበር። ግማሾቹ ከመተኛታቸው በፊት ለ5 ደቂቃ ያልሠሩትን፣ ግማሾቹ የሠሩትን ጻፉ። ቶሎ እንቅልፍ የወሰዳቸው የቀራቸውን ሥራ የጻፉት ናቸው። ዘርዝረው በጻፉ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ፈጠነላቸው። ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለውን ወረቀት ይያዝልሽ።

ጥያቄ፦ አንቺ ራስሽ በዓሉ ካለፈ በኋላ የምታደርጊው ነገር አለ?

መልስ፦ ሁለት ነገር አለ። መጀመሪያ ፎቶዎቹን አያለሁ። ከዓመታት በፊት የቤተሰባችንን የበዓል ፎቶዎች ስደረድር በ11 በዓላት ውስጥ እናቴ ያለችው በሦስቱ ብቻ ነበር። ፎቶ ሲነሳ ሁልጊዜ ማጀት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሳይቀመጥና እሳቱ ሳይጠፋ ፎቶ አይነሳም።

ሁለተኛው ደብተር ነው። በማግስቱ ጠዋት፣ እግሬ ገና እያመመኝ፣ 10 ደቂቃ እጽፋለሁ። በስንት ሰዓት ደረሱ፣ ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተረፈ፣ ማን ምን አለ። ለከርሞ የምሠራው በዚያ ነው። ያምናው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «33 ሰው። ዳቦ በዛ፣ ውሃ አነሰ። ማዕድ በ7፡20 ቀረበ። ወንድሜ 4 ወንበር ትርፍ አመጣ። እማዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጣ ነበር።»