መልስ፦ የዩኒቨርሲቲው ማስፋፊያ ወደ ሰፈራችን ይመጣል ይባላል፣ ማንን እንጠይቅ?

መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን ወደ ከተማው የፕላን ክፍል ይሂዱ። ይዞታዎ በጅማ መዋቅራዊ ፕላን (የከተማው መሬት ለምን ለምን እንደሚውል በሚያሳየው ፕላን) ላይ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ይጠይቁ። ለመኖሪያ ከሆነ ወሬው ለጊዜው ወሬ ነው። ለትምህርት ተቋም ከሆነ ግን ጎረቤት አሰባስበው በጽሑፍ ያመልክቱ። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ሕዝብ በፕላን ዝግጅት እንዲሳተፍ ስለሚደነግግ፣ ፕላኑን ማየት ውለታ አይደለም።

ቤትዎ የሚነሳ ከሆነ ጉዳዩ ለሕዝብ ጥቅም ይዞታ ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ በወጣው አዋጅ 1161/2011 ይታያል። ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ የማስለቀቂያ ደብዳቤው የደረሰዎትን ቀን መዝግበው ይያዙ።

ቤትዎ ሳይነካ ሕንፃው አጥርዎ ሥር የሚቆም ከሆነ ደግሞ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ጎርፍ ይጠይቁ። በጅማ ክረምት የአንድ ትልቅ ጣሪያና የአስፋልት ግቢ ውኃ ቀላል አይደለም። ቦዩ በየት አልፎ ወደ አዌቱ ወንዝ እንደሚወርድ በንድፉ ላይ ያሳዩዎት፤ «እናስተካክለዋለን» የሚል የቃል መልስ አይቀበሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳና እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጩኸትና ንዝረትም በስም ተጠቅሰዋል። ስለዚህ ቁፋሮ ሳይጀመር የግድግዳዎን ፎቶግራፍ ያንሱ። ስንጥቁ አዲስ መሆኑን በኋላ ማስረዳት አድካሚ ነው። (ተማሪ ተከራይ የሚጠብቁ ጎረቤቶች ማስፋፊያውን ሊደግፉ ይችላሉ፤ ከእነሱ ጋር አይጣሉ።)

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በስብሰባ ላይ የተፈረመ የስም ዝርዝር በኋላ «ነዋሪው ተስማምቷል» ተብሎ ሲቀርብ አይቻለሁ። ከስምዎ ጎን «መገኘቴን ብቻ» ብለው ይጻፉ፣ የቃለ ጉባኤውንም ቅጂ ይጠይቁ።