«የባለቤቴ ድምፅ ክላውድ ላይ አለ ወይ?» እና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ስለ ባካፕ (ምትኬ) ናቸው፤ ማለትም ስልክ ላይ ያለውን ክላውድ በሚባለው የኢንተርኔት ማከማቻ ወይም ሌላ ቦታ ትርፍ ቅጂ አድርጎ ስለማስቀመጥ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል። ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። እንዲህ ያለው ጭንቀት በየሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል።

«ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ? ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ጂረን ነው። ልጄ የገዛልኝ ቴክኖ ስልክ አለኝ። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ፎቶዎቹ ሁሉ እዚህ ስልክ ላይ ናቸው። ታሞ ተኝቶ ሳለ የልጅነቱን ታሪክ ሲያጫውተኝ በስልኩ መቅረጫ የቀዳሁት ድምፁም አለ። ከአራት ወር ወዲህ ስልኩ ‹ምትኬ ቆሟል፣ ማከማቻዎ ሞልቷል› ይለኛል። የጎረቤት ልጅ ‹እማማ፣ ክላውድ ላይ ስላለ ከስልኩ ያጥፉት፣ ቦታ ይለቀቃል› አለኝ። እጄ እምቢ አለኝ። ምን ላድርግ?»

እማማ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እጅዎ እምቢ ማለቱ በጀ። እባክዎ ዛሬ ምንም ነገር አያጥፉ። ነገም እንዲሁ። መጀመሪያ ከዚህ በታች ያለውን አንድ በአንድ እንጨርስ።

የጎረቤትዎ ልጅ ክፉ አስቦ አይደለም። ብዙ ሰው እንደ እሱ ነው የሚገባው። ግን ፎቶዎን ወደ ክላውድ የሚልከው አፕ፣ ጉግል ፎቶስ፣ ውስጥ ገብተው አንድ ባካፕ የተደረገ ፎቶ ካጠፉ፣ ከስልኩም ከክላውዱም ነው የሚጠፋው። ሁለቱ የተያያዙ ናቸው። የጠፋው ፎቶ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። ባካፕ ያልተደረገ ከሆነ ደግሞ 30 ቀን ብቻ። ከዚያ በኋላ የለም። የስልኩን ቦታ ብቻ ለማስለቀቅ የተለየ ትእዛዝ አለ፤ ክላውድ ላይ የደረሱትን ብቻ ለይቶ ከስልኩ ያነሳል። እሱንም ቢሆን አሁን አይንኩት።

ደብዳቤዎን ሳነብ ያስደነገጠኝ ግን ድምፁ ነው። ጉግል ፎቶስ የሚያስቀምጠው ፎቶና ቪዲዮ ነው። በስልኩ መቅረጫ የቀዱት ድምፅ እዚያ አይገባም። ማከማቻው ባይሞላም ኖሮ አይገባም ነበር። ስለዚህ የባለቤትዎ ድምፅ ያለው እዚያች ስልክ ላይ ብቻ ነው። ብትወድቅ፣ ውኃ ቢገባባት፣ ገበያ መሃል ብትሰረቅ ድምፁም አብሮ ይሄዳል።

ሥራው ከዚህ ይጀምር። መቅረጫውን ይክፈቱ። አንዱን ቅጂ ጫን አድርገው ይያዙት፤ ምልክት ሲወጣበት ሌሎቹንም ይንኩ። ሼር የሚለውን ተጭነው ቴሌግራምን ይምረጡ። ከዚያ ‹ሴቭድ ሜሴጅስ› የሚለውን ይንኩ። የራስዎ ሳጥን ነው፤ ከእርስዎ በቀር ማንም አያየውም። ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ድረስ ይቀበላል። የድምፅ ቅጂ ደግሞ ትንሽ ነው፤ በተለመደው ጥራት የአንድ ሰዓት ጨዋታ 60 ሜጋ ገደማ ቢሆን ነው። በዚያው ለልጅዎም ይላኩለት። ልጅዎ ሲደርሰው ከፍቶ ይስማው። መላኩ ብቻ አይበቃኝም፣ ድምፁ መሰማቱን እፈልጋለሁ። ወደ ጉግል ድራይቭ ለመላክ ከሞከሩ አሁን አይቀበልዎትም፤ የሞላው ቦታ የድራይቭም ነውና።

እስቲ የሞላውን እንይ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋ ነው። ይህ የፎቶ ብቻ አይደለም። ጂሜይሉም ድራይቩም ይጋሩታል። ድሮ ጥራታቸው ቀነስ ተደርጎ የሚላኩ ፎቶዎች ከዚህ አይቆጠሩም ነበር። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ወዲህ የሚላከው ሁሉ ይቆጠራል። የአንድሮይድ ስልኮች የዋትስአፕ ባካፕም እንደዚሁ፤ በፊት በነፃ ይቀመጥ ነበር፣ አሁን ከዚሁ 15 ጊጋ ላይ ይቆረጣል። እርስዎ ምንም ሳይጨምሩ ቦታው የሞላብዎት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

እኔ ጋ የሚመጡትን ስልኮች ስከፍት፣ ቦታውን የበላው አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ፎቶ ሆኖ አላገኘውም። የበዓል መልካም ምኞት ቪዲዮ ነው። ስብከት፣ መንዙማ፣ ቀልድ፣ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ የሚዞር ነገር። ዋትስአፕ ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ቻትስ፣ ከዚያ ቻት ባካፕ ይግቡና ቪዲዮ ጨምር የሚለውን ያጥፉት። ጉግል ፎቶስ ውስጥ ደግሞ ከላይ በቀኝ ያለችውን ክብ የመገለጫ ፎቶ ነክተው ወደ ባካፕ ሴቲንግ ይግቡ። ባካፕ የሚደረጉ ፎልደሮች ዝርዝር ያገኛሉ። የዋትስአፕ ቪዲዮ እዚያ በርቶ ካዩ ያጥፉት። የዋትስአፕ ፎቶዎችን ፎልደር ግን ከማጥፋትዎ በፊት ገብተው ይዩት፤ ዘመድ የላከልዎት የባለቤትዎ ፎቶ እዚያ ሊኖር ይችላል። እዚያው የማከማቻ አስተዳደር የሚለው ቦታ ትላልቅ ቪዲዮዎችን ለይቶ ያሳያል። ማጥፋት ካለብዎት ከእነዚህ ውስጥ ነው፤ እሱም ልጅዎ አጠገብዎ ተቀምጦ፣ አንድ በአንድ እየከፈታችሁ።

ቦታ ሲገኝ ሌላ መልእክት ይመጣል፦ ‹ዋይፋይ በመጠበቅ ላይ›። ቤትዎ ዋይፋይ ከሌለ ዕድሜ ልክ ይጠብቃል። እዚያው ባካፕ ሴቲንግ ውስጥ በሞባይል ዳታ እንዲልክ መፍቀድ ይቻላል። ግን ሒሳቡን ይወቁት። አንዱ ፎቶ 3 ሜጋ ቢሆን 1,000 ፎቶ 3 ጊጋ ነው። ስለዚህ የሌሊት ጥቅል ገዝተው፣ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክተው፣ ባትሪ ቆጣቢውንና ዳታ ቆጣቢውን አጥፍተው ቢተዉት ይሻላል። ሁለቱ ቆጣቢዎች ከበሩ ስልኩ ውስጥ ውስጡን የሚሠራውን ሥራ ያስቆሙታል። ዝናብ መጥቶ መብራት ቢጠፋ አይጨነቁ። የተላከው ተልኳል፤ መብራት ሲመጣ ከቀረው ይቀጥላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እማማ፣ አካውንቱ የማን ነው? ስልኩ ሲገዛ ጂሜይሉን የከፈተው ማን ነው? ፓስወርዱን ያውቁታል?

ይህን የምጠይቀው ደርሶብኝ ነው። የመጀመሪያ ደህና ስልኬን ስገዛ የሸጠልኝ ልጅ እዚያው ቆሞ ጂሜይል ከፈተልኝ። አድራሻውንም ፓስወርዱንም እሱ አወጣው። እኔም አልጠየቅኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ባካፕ ተጠናቋል› ይለኝ ነበር፤ እውነትም ተጠናቆ ነበር። ከዚያ ስልኩ አውቶቡስ ላይ ጠፋ። ሲም ካርዱን አስወጣሁ፣ ሌላ ስልክ ገዛሁ፣ ግን ምን ብዬ ልግባ? ልጁም ሱቁን ለቆ ሄዷል። አባቴ ማና ላይ ከቡና ዛፎቹ መሃል ቆሞ ያነሳሁት ፎቶ እዚያ ውስጥ ነበር። አባቴ አሁን የለም። ስልክ ጥገና የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስልኩ በእጅዎ እያለ ይህን ያድርጉ። ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ይክፈቱ። ከላይ የሚታየውን ኢሜይል በእጅ ጽሑፍዎ ደብተር ላይ ይገልብጡት። ፓስወርዱን የማያውቁት ከሆነ ‹ረሳሁ› ብለው አሁኑኑ ይቀይሩት፤ ስልኩ አብሮዎት ሳለ ይቀላል፣ ከጠፋ በኋላ ነው የሚከብደው። መልሶ ማግኛ ስልክ በሚለው ቦታ የራስዎን ቁጥር፣ መልሶ ማግኛ ኢሜይል በሚለው የልጅዎን ያስገቡ። ደብተሩን ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡት።

ከዚያ ይሞክሩት። የልጅዎን ወይም የጎረቤትዎን ስልክ ይዋሱ። ብራውዘሩን በኢንኮግኒቶ (የገቡበትን በማያስቀምጠው መስኮት) ከፍተው፣ ወደ ጉግል ፎቶስ ድረ ገጽ ሄደው፣ በራስዎ ኢሜይልና ፓስወርድ ይግቡ። ባለፈው ሳምንት ያነሱት ፎቶ እዚያ አለ? ካለ ባካፑ በትክክል እየሠራ ነው። ያዩት የመጨረሻ ፎቶ የአራት ወሩ ከሆነ ገና ይቀራል። ሲጨርሱ ከሰው ስልክ ላይ መውጣትዎን አይርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ አይዘግይ። ባለቤትዎ የራሳቸው ስልክ ነበራቸው? ጉግል ሁለት ዓመት ማንም ያልተጠቀመበትን አካውንት ከነፎቶው ሊሰርዝ ይችላል። ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው ብለውኛል። ስልካቸው መሳቢያ ውስጥ ካለ ዛሬ ማታ ቻርጅ ያድርጉት፣ ኢንተርኔት ያገናኙት፣ ጉግል ፎቶስን ይክፈቱበት።

ይህ ሁሉ ከከበደዎት ሁለቱንም ስልክ ይዘው ይምጡ። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ግርግር ይበዛል፤ ዓርብ ጠዋት ይሻላል። ድምፁን ግን እስከ ዓርብ አያቆዩት።

«እህቴ፣ ከአጋሮ ነው የምጽፈው። ለልጄ ታብሌት ገዛሁላት። ቀኑንና ዓመቱን በኛ አቆጣጠር አስተካክዬ ሰጠኋት። ቴሌግራሟ ይሠራል። ጉግል ግን አልገባም አለ፣ ባካፑም ‹ግንኙነት የለም› ይላል። ሁለት ጊዜ ፎርማት አስደረግኩት።»

ወንድሜ፣ ሦስተኛ ፎርማት እንዳያስደርጉ። ችግሩን ደብዳቤዎ ውስጥ ራስዎ ጽፈውታል። ታብሌቱ የኛን 2018 የፈረንጅ 2018 አድርጎ ነው የሚያነበው። የጉግል ሰርቨር እውነተኛነቱን የሚያሳይበት ሰርተፍኬት ደግሞ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ታብሌቱ ያለው ወደ ኋላ ስለሆነ ሰርተፍኬቱ ገና ያልጀመረ ይመስለውና ግንኙነቱን ይዘጋል። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓት የሚለውን ይክፈቱና በራሱ እንዲያስተካክል ያድርጉት። የኛን ቀን ማየት ከፈለገች የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ይጫኑላት። ሰዓቱንም ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ አይመልሱት፤ በሰዓት የሚሠሩ የማረጋገጫ ኮዶች አሉ፣ እነሱ ይበላሻሉ።

«ቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። አይፎኔ የመጨረሻው ባካፕ አልተጠናቀቀም ይለኛል። ፎቶዎቼን ላጥፋ ወይ?»

አታጥፊ። አፕል በነፃ የሚሰጥሽ 5 ጊጋ ብቻ ነው፤ ቶሎ ይሞላል። የአይክላውድ ፎቶ በርቶ ከሆነ አንዱ ጋ ያጠፋሽው ሁሉም ጋ ይጠፋል። ይልቅ ባካፕ ውስጥ ከሚገቡት አፖች ዝርዝር የማያስፈልጉሽን አውጪ። ፎቶዎችሽን በኬብል ወደ ላፕቶፕ ገልብጪ። አይፎን በራሱ ባካፕ የሚያደርገው ዋይፋይ ሲኖር፣ ቻርጅ ላይ ሲሆንና ስክሪኑ ሲቆለፍ ነው። የምትጠቀሚው ዋይፋይ በየጊዜው ፓስወርድ የሚጠይቅ ከሆነ ሌሊት ላይ ሳታውቂ ይቋረጥብሻል፤ ከመተኛትሽ በፊት እንደገና ግቢ። ጠዋት ስትነሺ መጨረሻ ባካፕ የተደረገበትን ሰዓት እዪ። የዛሬው ሌሊት ካልሆነ የማያስፈልጉሽን አፖች እንደገና ቀንሽና ነገ ማታ ድገሚው።