የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ፈራሁ» ወይስ «ደነገጥሁ»?

ጥያቄ (ከደንበጫ)፦ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ መብረቅ ሲጽፉ ግማሾቹ «ፈራሁ» ይላሉ፣ ግማሾቹ «ደነገጥሁ»። ሁለቱንም ልክ ብዬ ልለፈው? ደግሞስ «ፍርሃት» ላይ ያለው «ሃ» «ፈራ» ላይ ወዴት ሄደ?

መልስ፦ ዝም ብለው አይለፉት፤ መጀመሪያ ልጁ የትኛውን ሰዓት እንደሚያወራ ይዩ። መብረቁ ሲወርድ ክው ያለው ልጅ ደነገጠ። በማግስቱ ደመና አይቶ ከብት ለማገድ እምቢ ያለው ፈራ። ድንጋጤ ሳያስቡት ይመጣል፣ ወዲያውም ያልፋል፤ ፍርሃት ግን የሚፈራውን ነገር አውቆ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ድንገት የምሥራች የሰማች ሴት «በደስታ ደነገጠች» ትባላለች፤ «በደስታ ፈራች» የሚል ግን የለም።

አገባባቸውም ይለያያል። «ፈራ» ተሳቢ ይወስዳል፦ «ውሻውን ፈራው»። «ደነገጠ» ግን ምክንያቱን በ«በ» ያስከትላል፦ «በጩኸቱ ደነገጠ»። «ጩኸቱን ደነገጠ» ብሎ የጻፈ ካለ ያርሙት። «እባብ እፈራለሁ» ጠባይን ይናገራል፤ «ፈርቻለሁ» ግን የአሁኑን ስሜት ነው። መጨረሻው «ሁ» እንጂ «ው» አለመሆኑንም ያስታውሷቸው፤ «ፈርቻለው» ዛሬ በየመልእክቱ የምናየው ስሕተት ነው።

ገና ያልደረሰ ነገር ሲሆን «ሰጋ» ይሻላል። ጤፉ ሳይታጨድ በረዶ እንዳይመታው የሚያስብ ገበሬ ይሰጋል። መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ እንዳይበላሽበት የሚጨነቅ ሾፌርም እንዲሁ። ሰውነት ሲከዳ ደግሞ «ራደ»፣ «ብርክ ያዘው»፣ «ሐሞቱ ፈሰሰ» አለ፤ የመጨረሻው ወኔ ማጣትን ስለሚናገር ለሕፃን አይሆንም። «ተሸበረ»ን ግን ለብዙ ሰው ግርግር ያስቀሩት፤ ከ1969ና 1970ው ነጭና ቀይ ሽብር፣ ኋላም ከፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001 ወዲህ ቃሉ ከብዷል።

«ፈራ» ሁልጊዜ ሥጋት አይደለም። «አማቱን ይፈራል» ሲባል ያከብራል፣ ፊቷ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል ማለት ነው። «እግዜርን የሚፈራ ሰው» ሙገሳ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ ከመጫናቸው በፊት የሚጠሩበት «ተፈሪ»ም የሚፈራ፣ የሚከበር ማለት ነው፤ «ፈሪ» ብቻውን ሲቆም ግን ስድብ ነው።

«ሃ»ው ከግእዝ የመጣ ነው። ግእዙ «ፈርሀ» ይላል፤ አማርኛ በግሱ ላይ ጉሮሮውን ድምፅ ጥሎ «ፈራ» አለ፣ በስሙ ላይ ግን አስቀረው። «ፈርቶ» ላይ «ት» የገባውም በዚሁ ሰበብ ነው፤ «ሰምዐ» «ሰማ» ሆኖ «ሰምቶ»፣ «በልዐ» «በላ» ሆኖ «በልቶ» እንደሚል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎ፤ ከክፍል ውጭም ይጠቅማል። «አስፈራኝ» እና «አስፈራራኝ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሰውየው ምንም ሳያደርግ፣ በመልኩ ብቻ እንኳ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሆን ብሎ መዛት ነው። ለፖሊስ ቃል የሚሰጥ ሰው አንዷን «ራ» ከዘነጋ የተናገረው ሌላ ጉዳይ ነው።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ በቅሎ «ፈራች» ይባላል ወይስ «ደነበረች»?

መልስ፦ ድልድይ አልሻገርም ብላ ከቆመች ፈራች። ከቁጥቋጦ ወፍ ሲነሣ ወደ ጎን ከዘለለች በረገገች። ጭነቷን ጥላ ከጋለበች ደነበረች። ይህ ልማዷ የሆነች እንደሆነ ደንባራ ናት፤ «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» የተባለው በእሷ ነው። ለሰው «ደንባራ» ማለት ግን ስድብ ነው፤ ከእንቅልፉ ደንግጦ ለተነሣ ሰው «ባነነ» ይበሉ።